የአውቶቡስ ተራ የሱቅና የቤት ገበያ

የአውቶቡስ ተራ የሱቅና የቤት ገበያ በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ በሚገኘው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መናኸሪያ ዙሪያ የሚካሄድ የሱቅ፣ የመጋዘን፣ የአልቤርጎና የመኖሪያ ቤት ኪራይና ዝውውር ነው። በዚህ ገበያ በመዝገብ የሰፈረው ዋጋና ነጋዴው ከኪሱ የሚያወጣው ዋጋ በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ አካባቢውን ማጥናት የሚፈልግ ሰው የመዝገብ ቤት ሰነድ ብቻውን አይበቃውም። በየመንገዱ እየዞረ፣ በር በር እየቆጠረና ከተከራይ፣ ከአከራይና ከደላላ እየጠየቀ የሚሰበስበው መረጃም ያስፈልገዋል።

ጉዳዩ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተማሪዎች የጥናት ርዕስ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በቤት ኪራይ፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ እንዲሁም በንብረት ታክስ ላይ አዳዲስ ሕጎች ወጥተዋል። የከተማዋ መልሶ ማልማትም እየሰፋ ነው። እነዚህ ሁሉ «ይህ ቤት ምን ያህል ያወጣል? የማንስ ነው?» የሚል ጥያቄ ይጠይቃሉ። በአውቶቡስ ተራ ግን የአንድ በር ዋጋ ለብዙ ሰዎች የተከፋፈለ በመሆኑ፣ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው የማን ድርሻ ነው የሚለው የብዙ ሰው መተዳደሪያ የሚወስን ጥያቄ ነው።

አካባቢው

መርካቶ ዛሬ ባለበት ስፍራ የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። ጣሊያኖች ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ባወጡት ዕቅድ መሠረት በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን የአበሻ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ስሙም «ገበያ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። አዲስ ከተማ በቆዳ ስፋቱ ከከተማዋ ትናንሽ ክፍለ ከተሞች አንዱ ቢሆንም በንግድ እንቅስቃሴው ከሁሉም ቀዳሚ ከሚባሉት ይመደባል።

የመርካቶ አከፋፈል በ«ተራ» ነው። ተራ ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ወይም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ጎን ለጎን የሚገኙበት ስፍራ ነው። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ዱባይ ተራ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ለንብረት ገበያ አጥኚ ተራ ከቦታ ስምነት ያለፈ ትርጉም አለው። ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ በቀጥታ ወደ ጨርቅ ተራ ስለሚሄድ፣ በተራው ውስጥ ያለች ጠባብ ሱቅ ከተራው ውጭ ካለ ሰፊ ሱቅ የበለጠ ልታወጣ ትችላለች። ስለዚህ ዋጋን በወረዳ ወይም በክፍለ ከተማ አማክሎ ማቅረብ በመርካቶ ብዙም ትርጉም አይሰጥም። የተራው ወሰን መጀመሪያ በእግር ተለክቶ መታወቅ አለበት።

ተራ ግን ይንቀሳቀሳል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ከፒያሳ አጠገብ ካለው ስፍራው ወደ ጃንሜዳ እንዲዛወር ተደርጎ ነበር። የከተማው ሰው ግን አሮጌውን ቦታ ዛሬም አትክልት ተራ ይለዋል። ካርታ ላይ የቆየን ስም አይቶ ንግዱ እዚያው አለ ብሎ የሚገምት ጥናት በዚህ ይሳሳታል።

አውቶቡስ ተራ ስሙን ያገኘው ከመናኸሪያው ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡና ወደየክፍለ ሀገሩ የሚሄዱ አውቶቡሶች ዋና መነሻና መድረሻ ሆኖ ቆይቷል። በዙሪያው ጎጃም በረንዳ፣ ሰባተኛና አማኑኤል አካባቢ ይገኛሉ። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው የቀላል ባቡር መስመርም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከፌርማታዎቹ አንዱ አውቶቡስ ተራ ሆኗል።

ሕጋዊው መሠረት

የአካባቢው ዋጋ ለምን እንደተወሳሰበ ለመረዳት ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ በሙሉ እና ባለቤቱ ከሚኖርበትና ከሚሠራበት ውጭ ያለውን ቤት ወረሰ። ከተወረሱት ቤቶች ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌዎች ተሰጡ። ከዚያ በላይ የነበሩት ደግሞ በማዕከል በሚተዳደረው የኪራይ ቤቶች ድርጅት ሥር ገቡ፤ ይህ ተቋም ከብዙ የስም ለውጥ በኋላ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ተብሏል። ኪራይም በአዋጅ እንዲቀንስ ተደረገ።

ይህ የኪራይ ልክ በብዙ የቀበሌ ቤቶች ለረጅም ዓመታት ከገበያው ጋር ሳይስተካከል ቆየ። የንግድ እንቅስቃሴው እያደገ፣ የብር የመግዛት አቅም እየወረደ ሲሄድ የመንግሥት ኪራይና የገበያ ኪራይ ተራራቁ። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ልዩነት ለመንግሥት አልገባም። ቤቱን በእጁ ለያዘው ተከራይ ቀረ።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላም መሬት የግል አልሆነም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ይደነግጋል። የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበት ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ተጀምሮ በ1994 ዓ.ም. እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተተካ። በዚህ ምክንያት ሦስት ሱቆች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ነባር ይዞታ፣ ሁለተኛው የሊዝ ይዞታ፣ ሦስተኛው የቀበሌ ቤት ሊሆን ይችላል። በሩን ለሚያየው መንገደኛ ልዩነታቸው አይታይም።

በአንድ በር ላይ ያሉ መብቶች

በአውቶቡስ ተራና በመርካቶ የሚሸጠውና የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ወይም ግድግዳው አይደለም፤ እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ የመነገድ መብት ነው። ይህም መብት ተደራራቢ ነው። በአንድ በር ላይ የሚከተሉት ሊገኙ ይችላሉ፦

1. የመሬቱ ባለቤት የሆነው መንግሥት፤
2. ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል (ወረዳ ወይም ኮርፖሬሽን) ወይም የግል ባለይዞታ፤
3. ስሙ በውል ላይ ያለው ዋና ተከራይ፤
4. ከዋናው ተከራይ ቦታውን የተረከበው፣ በተግባር የሚነግደው ሰው፤
5. ሱቁን በመደርደሪያ ወይም በጠረጴዛ የተካፈለ ደባል ነጋዴ፤
6. በበረንዳው ላይ ወይም ከበሩ ፊት ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው።

ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሰው ሲተላለፍ የሚከፈለው ገንዘብ በነጋዴው አነጋገር «የቁልፍ» ይባላል። የመንግሥትን ቤት ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ስለማይፈቀድ ይህ ክፍያ በውል አይጻፍም፤ ደረሰኝም የለውም። ዋስትናው የቤተሰብ፣ የአገር ልጅነትና የሽማግሌ ቃል ነው። ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ ከባንክ ብድር ይልቅ ከእቁብና ከዘመድ ይሰባሰባል። በሌላ በኩል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዝዛል። ስለዚህ ከአካባቢው ትልቅ ገንዘብ የሚንቀሳቀስባቸው ዝውውሮች አንዱ በፍርድ ቤት ፊት የሚቆምበት እግር ደካማ ነው።

የተለመዱት የዋጋ ምንጮችና ጉድለታቸው

አጥኚው በመጀመሪያ ሊያያቸው የሚችሉ የዋጋ ምንጮች አምስት ናቸው። እያንዳንዱ የሚያሳየውም የሚደብቀውም አለ።

የመንግሥት ቤቶች የኪራይ ውል። ማን በስሙ እንደያዘ ያሳያል። የገበያውን ዋጋ ግን አያሳይም፤ በቤቱ ውስጥ በእርግጥ ማን እንደሚሠራም ላያሳይ ይችላል።

የሽያጭ ውል። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል የሚያልፍ የግል ይዞታ ሽያጭ ዋጋ ይጻፍበታል። ሆኖም የቴምብር ቀረጥና ሌሎች ግብሮች በዋጋው ላይ ስለሚሰሉ ሻጭና ገዢ ዝቅተኛ ቁጥር ለመጻፍ ይገፋፋሉ።

የሊዝ ጨረታ። የከተማ አስተዳደሩ የጨረታ ማስታወቂያ በአዲስ ልሳን ጋዜጣ ይወጣል። የቦታው ስፋት፣ ወረዳውና የአሸናፊው ዋጋ ስለሚታወቅ ጥሩ ምንጭ ነው። በመርካቶ በ2007 ዓ.ም. ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ የቀረበበት ጨረታ ብዙ ተወርቶለታል። ነገር ግን የጨረታ ዋጋ ለብዙ ዓመታት ተከፋፍሎ የሚከፈል ነው። ተጫራቹ ውል ሳይፈርም የሚቀርበት ጊዜም ስላለ እንደ ቁርጥ የሽያጭ ዋጋ መወሰድ የለበትም።

የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ። ባንኮች ለብድር የተያዘ ንብረት ሲሸጡ በጋዜጣ የሚያወጡት ማስታወቂያ የቦታውን ስፋት፣ የቤቱን አገልግሎት፣ አድራሻውንና የጨረታ መነሻ ዋጋውን ይይዛል። የቆዩ ጋዜጦችን በማገላበጥ ብቻ የብዙ ዓመት ተከታታይ መረጃ ማሰባሰብ ይቻላል። የሚያሳየው ግን መነሻውን እንጂ መጨረሻውን አይደለም፤ የመንግሥት ተከራይ ሱቆችም በዚህ ውስጥ አይገኙም።

ደላላና የማኅበራዊ መገናኛ ማስታወቂያ። ፈጣንና ብዙ ነው። የሚነግረው የሚጠየቀውን ዋጋ ስለሆነ ከተቆረጠው ዋጋ ከፍ ይላል። አንድ ሱቅ በብዙ ደላሎች ስለሚተዋወቅም አንዱን በር ደጋግሞ የመቁጠር አደጋ አለ።

የአምስቱ የጋራ ጉድለት አንድ ነው፦ የአራተኛውን፣ የአምስተኛውንና የስድስተኛውን ሰው ድርሻ አይዙም። ይህን ሊይዝ የሚችለው በእግር የሚሰበሰብ መረጃ ነው።

ከመንገድ ላይ መረጃ አሰባሰብ

የበር ቆጠራ። ሥራው የሚጀመረው አንድን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመሄድ ነው። ለእያንዳንዱ በር ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል፤ የሚሸጠው ዕቃ፣ የፊቱ ስፋት በሜትር፣ የወለሉ ደረጃ፣ ማዕዘን ላይ መሆን አለመሆኑ፣ በውስጡ ስንት ነጋዴዎች እንዳሉና በረንዳው በማን እንደተያዘ ይመዘገባል። በመርካቶ የፊት ስፋት ከጥልቀት ይበልጣል። ስድስት ሜትር ወደ ውስጥ የሚገባ የሁለት ሜትር ፊት ያለው ሱቅና አራት ሜትር ፊት ኖሮት ሦስት ሜትር የሚገባ ሱቅ ሁለቱም 12 ካሬ ሜትር ናቸው። ደንበኛ የሚያየው ግን ፊቱን ነው። በካሬ ሜትር ብቻ የሚያሰላ ጥናት ይህን ልዩነት ያጣዋል።

የእግረኛ ቆጠራ። አውቶቡስ ተራ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ መልክ አለው። ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መንገደኛው፣ ተሸካሚውና ሻይ ሻጩ ይሞላዋል። ረፋድ ላይ ተራው የጅምላ ገዢው ነው። ከሰዓት በኋላ ከክፍለ ሀገር የደረሱ መንገደኞች አልቤርጎ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ከሌላው ቀን ይለያል፤ የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የፋሲካና የዒድ ዋዜማዎችም እንዲሁ። ስለዚህ የአንድ ቀን ቆጠራ ስለ አንድ ቀን ብቻ ይናገራል። ቢያንስ የገበያ ቀንና ተራ ቀን፣ ክረምትና በጋ መነጻጸር አለባቸው።

ሦስት ጊዜ መጠየቅ። ለአንድ በር ዋጋ አንድ መልስ አይበቃም። ተከራዩ የሚከፍለውን፣ አከራዩ የሚቀበለውን፣ ደላላው የሚያውቀውን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስቱ ከተቀራረቡ ዋጋው ይታመናል፤ ከተራራቁ የልዩነቱ ምክንያት ራሱ መረጃ ነው።

ቀን መጻፍ። ያለ ቀን የተመዘገበ ዋጋ ጥቅም የለውም። በተለይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊትና በኋላ የተመዘገቡ ዋጋዎችን ሳይለዩ መቀላቀል አሳሳች ነው። የዕቃው ዋጋ፣ የሱቁ ኪራይና የቁልፉ ክፍያ እኩል ፍጥነት ስለማይጨምሩም ሦስቱን ለየብቻ መያዝ ይገባል።

የስሌት ምሳሌ

የቁልፍ ክፍያን ከወርሃዊ ኪራይ ጋር ማነጻጸር የሚቻልበትን መንገድ የሚከተለው ምሳሌ ያሳያል። ቁጥሮቹ ለስሌቱ ማስረጃ የተቀመጡ ናቸው፤ የአካባቢው ዋጋ አይደሉም።

አንድ ዓይነት ስፋትና አቀማመጥ ያላቸው ሁለት ሱቆች አሉ እንበል። ሱቅ «ሀ» የቀበሌ ነው። የመንግሥት ኪራዩ በወር 2 ሺህ ብር ሲሆን፣ ነጋዴው ለቀድሞው ተከራይ 3 ሚሊዮን 480 ሺህ ብር የቁልፍ ከፍሏል፤ አምስት ዓመት እሠራበታለሁ ብሎ አስቧል። ሱቅ «ለ» የግል ነው። ኪራዩ በወር 60 ሺህ ብር ሲሆን የቁልፍ ክፍያ የለውም።

የሱቅ «ሀ» የቁልፍ ክፍያ ለ60 ወራት ሲካፈል በወር 58 ሺህ ብር ይሆናል። 2 ሺህ ሲጨመርበት 60 ሺህ ብር ይመጣል። ወለድን ለጊዜው ብንተወው ሁለቱ ሱቆች እኩል ዋጋ አላቸው ማለት ነው። በመዝገብ ግን «ለ» ከ«ሀ» 30 እጥፍ ይበልጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ የመንግሥት ኪራይ ዝቅተኛ መሆኑ አዲስ ለሚገባው ነጋዴ ሱቁን ርካሽ አላደረገለትም። ጥቅሙን የወሰደው ለቅቆ የወጣው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የ«ሀ» ነጋዴ ዕዳውን ወይም ቁጠባውን አስቀድሞ አፍስሷል። ሱቁ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢፈርስ የቀሩት የ48 ወራት ድርሻ 2 ሚሊዮን 784 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። የ«ለ» ነጋዴ በአንጻሩ ኪራይ መክፈሉን አቁሞ ሌላ ሱቅ ይፈልጋል።

የመጓጓዣ ለውጥ በዋጋ ላይ

መናኸሪያው ለዙሪያው ሱቆችና አልቤርጎዎች ደንበኛ አምጪ ነው። ከዚህ ቀደም ማልዶ ለመሳፈር ብዙ መንገደኛ በዋዜማው መጥቶ በአካባቢው ያድር ነበር። ነጋዴውም የገዛውን ዕቃ እዚያው አውቶቡስ ላይ ይጭናል። በኋላ ግን በቃሊቲ፣ በላምበረት፣ በአስኮና በአየር ጤና መናኸሪያዎች ተከፍተው መስመሮቹ ተከፋፈሉ። አንዳንድ ዘመናዊ አውቶቡሶችም መነሻቸውን መስቀል አደባባይ አደረጉ።

የአንድ መስመር መዛወር በሁሉም ዋጋ ላይ እኩል አይመታም። የአልጋ ኪራይ፣ የምግብ ቤትና የሻንጣ ሱቅ በመንገደኛ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ቶሎ ይነካሉ። የጅምላ ጨርቅ ወይም የቆርቆሮ ሱቅ ደንበኛው ሌላ ስለሆነ ብዙም ላይነካ ይችላል። መጋዘን ደግሞ የጭነት መኪና መግቢያን ይከተላል። በዚህ ምክንያት «መናኸሪያው ቢነሳ የአካባቢው ዋጋ ይወርዳል» ወይም «ባቡር ከገባ ይጨምራል» የሚል ጥቅል አነጋገር ሳይፈተሽ መወሰድ የለበትም። መፈተሻው ለውጡ ከመደረጉ በፊትና በኋላ በዚያው መንገድ ላይ የተደረገ የበርና የእግረኛ ቆጠራ ነው። ከለውጡ በፊት ያልተቆጠረ መንገድ በኋላ ቢቆጠር የሚነጻጸርበት መነሻ አይኖረውም።

አዳዲሶቹ ሕጎችና መዝገባቸው

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። የኪራይ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲሆን ይደነግጋል። አዋጁ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው። በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ግን ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ የሆነ ቤት ብዙ ነው። በዚህም የአንድ ሕንፃ ግማሹ ይመዘገባል፣ ግማሹ ከምዝገባው ውጭ ይሆናል። መኖሪያውን ወደ መጋዘን ወይም ወደ አልቤርጎ የመቀየር ፍላጎት ይጨምር እንደሆነ ማየት የሚቻለውም ከበር ቆጠራ ነው። በተጨማሪ፣ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የሆነው እንደሚያስተምረው ወርሃዊ ኪራይ በሕግ ሲወሰን ልዩነቱ በሌላ ስም ወደሚከፈል ገንዘብ ሊሸሽ ይችላል። ይህን ለመከታተል ወርሃዊ ኪራይን ብቻ ሳይሆን ሲገባ የሚከፈለውን ሁሉ መጠየቅ ያሻል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ሌሎች አዋጆች ጸደቁ። አንዱ የሪል እስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታን ይመለከታል። ሌላው በጥር ወር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ነው። ከዚህ በፊት የከተማ ቤት ግብር የሚሰበሰበው ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት በቆየው በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ነበር። የአሁኑ ታክስ የንብረቱን የገበያ ዋጋ መሠረት ያደርጋል። የገበያ ዋጋ በመዝገብ በማይገኝበት ሰፈር ግን ገማቹ ወይ ከአጎራባች ሰፈር ይገምታል ወይ ከመንገድ ይጠይቃል። በሰፈር የተማከለ ግምት ተራው ውስጥ ያለውን ማዕዘን ሱቅ ያቃልላል፤ ከተራው ወጣ ያለውን ደካማ ሱቅ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል። ታክሱን በሕግ የሚከፍለው ባለይዞታው ቢሆንም፣ ሸክሙ በኪራይ ጭማሪ ወደ ነጋዴው ሊተላለፍ ይችላል።

መረጃ ሰብሳቢውና ነጋዴው

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የግብር ባለሥልጣናት በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲያጠናክሩ ብዙ ሱቆች ለጥቂት ጊዜ ተዘግተው ነበር። ይህ ክስተት ለአጥኚ ትምህርት ይሰጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ በር በር የሚዞር ሰው በነጋዴው ዓይን መጀመሪያ ግብር ሰብሳቢ ነው። ስለዚህ ማንነትንና ዓላማን አስቀድሞ መናገር፣ የሰው ስም አለመመዝገብ፣ የበር ቁጥርና ዋጋን በተለያየ መዝገብ መያዝና ውጤቱን በበር ሳይሆን በመንገድ ወይም በተራ ጠቅልሎ ማውጣት ያስፈልጋል። አለበለዚያ በታማኝነት የመለሰው ሰው ብቻ ይጎዳል፤ ቀጣዩ አጥኚም እውነተኛ መልስ አያገኝም።

በሌላ በኩል ምንም አለመመዝገብም ጉዳት አለው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ ትልቅ የእሳት ቃጠሎ ደርሶ ብዙ ሱቆች ወድመዋል። ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ማን የት ነበረ፣ ምንስ ነበረው የሚል ነው። መልሱ በውል ስም ብቻ ከተፈለገ በሱቁ ውስጥ ሲነግድ የነበረው ደባል አይታይም።

የመልሶ ማልማትም እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ለመንግሥት ቤት ተከራዮች ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት አማራጭ ቀርቦ ነበር። የካሳና የምትክ አሰጣጥን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በዋናነት የሚያውቀው ሕጋዊ ባለይዞታን ነው። የቁልፍ ከፍሎ የገባ ነጋዴ በዚህ ሚዛን ላይ ቦታው ጠባብ ነው፤ በረንዳ ላይ የሚሸጠው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

የሌሎች ከተሞች ልምድ

የቁልፍ ክፍያ የመርካቶ ብቻ አይደለም። ኪራይ በሕግ ለረጅም ጊዜ በተወሰነባቸው ሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በካይሮ በ«አሮጌው ኪራይ» የተያዙ ቤቶችና ሱቆች በእንዲህ ያለ ክፍያ ሲተላለፉ ኖረዋል። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣችው ሕግ እነዚህን ውሎች ለመኖሪያ ሰባት ዓመት፣ ለሌሎች አምስት ዓመት የሽግግር ጊዜ ሰጥታ እንዲያበቁ ወስናለች። በሕንድ ሙምባይ «ፓግዲ» የሚባለው ክፍያ ለብዙ ዓመታት በድብቅ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የማሃራሽትራ የኪራይ ቁጥጥር ሕግ ተከራዩ መብቱን ሲያስተላልፍ ገንዘብ መቀበልን ፈቀደ። የሁለቱ መንገድ ይለያያል፤ አንዱ መብቱን በጊዜ ገድቦ አበቃው፣ ሌላው አውቆት በግልጽ እንዲነገር አደረገው። ሁለቱም ግን ክፍያው እንደሌለ ሆነው አልቀጠሉም።

ወቅታዊው ጥያቄ

አዲስ አበባ አሁን ያለችው በመካከል ነው። የመንግሥት መዝገብ የመንግሥትን ኪራይ ይዟል፤ ገበያው ሌላ ዋጋ ይዞ ይሄዳል፤ አዲሶቹ ሕጎች ደግሞ ሁለቱን ለማገናኘት ይፈልጋሉ። ማገናኘቱ በሁለት መንገድ ሊሆን ይችላል። አንዱ ዋጋውን ብቻ ወስዶ በመዝገብ ላይ ባለው ስም መጻፍ ነው። ይህ ለግብር ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ሱቁ ከፍተኛ ዋጋ እንዳለው እያሳየ ያንን ዋጋ የከፈለውን ሰው ያስቀረዋል። ሌላው ዋጋውን ከነመብቱ ድርድር መመዝገብ ነው፦ ባለይዞታው ማን ነው፣ ዋናው ተከራይ ማን ነው፣ በውስጡ ስንት ሰው ይሠራል፣ ሲገቡ ምን ያህል ተከፈለ።

ሁለተኛው መንገድ አድካሚ ነው፤ ያለ ነጋዴው እምነትም አይሳካም። የሚያስፈልገው መሣሪያ ግን ውድ አይደለም። ሜትር፣ ደብተር፣ ካርታ ማሳየት የሚችል ስልክና በአካባቢው የሚታወቅ መሪ ሰው ይበቃል። አንድ መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በክረምትና በበጋ፣ በተመሳሳይ መንገድ ቢቆጠር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከየትኛውም የመዝገብ ቤት ፋይል የተሻለ ታሪክ ይኖረዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ቢሠሩ፣ የኋለኛው የፊተኛውን የበር ቁጥር ይዞ ይቀጥላል። ያኔ የአንድ ሱቅ ግምት ሲሠራ ወይም ምትክ ሲሰጥ፣ በበሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ቢያንስ በቁጥር ይታያሉ።